ሞት ሳይለያቸው

በ1835 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳቫና ወንዝ አካባቢ ለሚገኙ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ጉባኤ አንድ ጥያቄ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥያቄው የሚከተለው ነበር፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለት ባሮች አንደኛው ወደ ሩቅ ግዛት ቢሸጥና ዳግመኛ የመገናኘት ተስፋቸው ፈጽሞ ቢቋረጥ፣ የቀረው ወገን ሌላ ለማግባት ይፈቀድለታልን?

ጉባኤው ተወያይቶ የሰጠው መልስ፣ በባርነት ላይ ላሉ ሰዎች እንዲህ ያለው መለያየት በሕግ ረገድ በሞት እንደ መለያየት ይቆጠራል፣ በእግዚአብሔርም ፊት እንዲሁ እንደሚታይ እናምናለን የሚል ነበር። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ሁለተኛ ጋብቻን መከልከል ባሮቹን ለከባድ መከራና ለፈተና ከማጋለጡም በላይ የጌቶቻቸውን ትእዛዝ በመፈጸማቸው በቤተ ክርስቲያን እንዲቀጡ ያደርጋል አለ። ባሪያ በገዛ ፈቃዱ የሚመራ ስላልሆነ፣ ሞትን ለማስቀረት እንደማይችል ሁሉ ሽያጩንም ሊያስቀር አይችልም ሲል ጨመረበት።

ይህ መልስ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። የጨካኞች ቃል አይደለም፤ እንዲያውም በውስጡ ርኅራኄ አለበት። ባልዋ ወደ ሩቅ የጥጥ እርሻ የተወሰደባትን ሴት፣ ጌታዋ ሌላ ባል እንድትይዝ ሲያስገድዳት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአመንዝራነት ከስሳ ከማኅበሯ ብታስወጣት፣ በግፍ ላይ ግፍ እንደሚሆንባት ጉባኤው ተረድቷል። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲመዘን እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ተነሥቶ የተደረሰበት ፍርድ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ሞተ ብሎ ማወጅ ሆነ። ሽያጭ ሞት ከተባለ ገዳዩ ማን ነው? ይህ ጥያቄ በመልሱ ውስጥ አይገኝም። ሻጩ ብዙ ጊዜ የዚያው ማኅበር አባል ነበርና።

ይህን አሮጌ ውሳኔ በዚህ መጽሔት ማንሣታችን ሌሎች ክርስቲያኖችን ለመንቀፍ አይደለም። በየቁምስናው ሕዝቡን የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁሉ አንድ ቀን ፊት ለፊት የሚገናኙት ጥያቄ ስላለበት ነው። ኃያላን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ለድሆች የማይፈጸም ሲያደርጉባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ትእዛዙን ዝቅ አድርጋ ድሆቹን ብታጽናና ይበቃታልን? ወይስ ትእዛዙ እንዳይፈጸም ያደረገውን ሰው በስሙ ልትጠራው ይገባታል? ነገሩ ለእኛም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ባሪያ ያሳድሩ ከነበሩት ብዙዎቹ የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ።

ካቶሊካውያን በመሆናችንም ንጹሕ ነን ልንል አንችልም። በ1838 በሜሪላንድ የነበሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች 272 ባሮቻቸውን በ115,000 ዶላር ወደ ሉዊዚያና ሸጠዋል። የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ከሮም ሽያጩን የፈቀዱት ቤተሰብ እንዳይነጣጠል፣ ባሮቹም የሃይማኖት አገልግሎት እንዳይጓደልባቸው በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው ግን በአብዛኛው አልተከበረም። በማግስቱ ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ የባሪያን ንግድ የሚያወግዝ ሐዋርያዊ መልእክት ሲያወጡ፣ የቻርልስተኑ ጳጳስ ጆን ኢንግላንድ ውግዘቱ የሚመለከተው ከአፍሪካ የሚደረገውን ንግድ እንጂ በአሜሪካ ያለውን የቤት ባርነት አይደለም ብለው ለመንግሥት ባለሥልጣን በተከታታይ ደብዳቤዎች አስረዱ። እንግዲህ ቃልን በመተርጎም ኅሊናን ማሳረፍ የአንድ ሃይማኖት ወገን ብቻ ስጦታ አልነበረም።

ወደ ባፕቲስቶቹ እንመለስ። እነርሱ እንደ እኛ ጳጳስ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን ራሱን ያስተዳድራል፣ አባላቱን ይቀበላል፣ ይገሥጻል፣ ያስወጣል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በደቡባዊ ግዛቶች የተናቁ ድሆች ስለ ነበሩ ባሮችን በደስታ ተቀብለዋል፤ ከመካከላቸውም ባርነትን በግልጽ ያወገዙ ነበሩ። የጥጥ እርሻ ሲስፋፋና አባላቱ ሀብት ሲያፈሩ ግን ቃሉ ተለወጠ። በ1822 በቻርልስተን የባሮች ዓመፅ ሤራ ተደረሰበት ከተባለ በኋላ፣ ታዋቂው ሰባኪ ሪቻርድ ፈርማን ባርነት በመጽሐፍ ቅዱስ የተደገፈ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ለደቡብ ካሮላይና ገዢ አቀረቡ። በ1845 ደግሞ ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ሊላክ ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ክርክር የደቡቦቹ ከሰሜኖቹ ተለይተው በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ የራሳቸውን ጉባኤ መሠረቱ። ይኸው ጉባኤ በ1995፣ በ150ኛ ዓመቱ፣ ስለዚህ ታሪኩ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ጌታውና ባሪያው በአንድ ውኃ ይጠመቁ ነበር። በአባላት መዝገብ ሁለቱም "ወንድም" ተብለው ይጻፋሉ፤ ይሁን እንጂ ባሪያው የቤተሰብ ስም አይጻፍለትም፤ የወንድም እገሌ አገልጋይ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ። በአምልኮ ጊዜ ጌቶች ከታች፣ ባሮች ከላይ በሰገነት ይቀመጣሉ። ስለ ስካር፣ ስለ ስርቆት፣ ስለ ዝሙት፣ ከጌታ ስለ መኮብለል ጉባኤው ይፈርዳል። ባሪያውን ከመጠን በላይ የደበደበ ጌታ የተገሠጸበት ጊዜም አልፎ አልፎ ይገኛል። ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበል፤ ቆይተን እንመለስበታለን።

ጥቁሮቹ ምእመናን በሚችሉበት ስፍራ ሁሉ የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ይጥሩ ነበር። በሰሜን በኒው ዮርክ ከተማ በ1808 በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ለብቻቸው ተለይተው አንቀመጥም ብለው የወጡ ጥቁሮች ያቋቋሙት ማኅበር እስከ ዛሬ የሐበሻ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት እንደሚለው ከመሥራቾቹ መካከል ከአገራችን የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። በደቡብ ግን እንዲህ ያለው ነፃነት አልነበረም። በቨርጂኒያ በ1831 የናት ተርነር ዓመፅ ከተነሣ በኋላ ጥቁር ሰው እንዳይሰብክ በሕግ ተከለከለ፤ ባሮችን ሰብስቦ ንባብ ማስተማርም ወንጀል ነበረ። በመሆኑም በ1841 በሪችመንድ የመጀመሪያው የአፍሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሲቋቋም፣ እረኛው የግድ ነጭ መሆን ስለ ነበረባቸው የሪችመንድ ኮሌጅ ኃላፊ ሮበርት ራይላንድ ተሾሙ። ራይላንድ እስከ 1865 አገለገሉ፤ በ1848ም ለጥቁር ምእመናን የጥያቄና መልስ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አሳተሙ። ንባብ ለተከለከለ ሕዝብ የተጻፈ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ! ይህን ሥራ የሚያውቅ መምህር ነገሩን ከእኛ ይልቅ ጠልቆ ያስተውለዋል።

ከዚያች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንዱ ሄንሪ ብራውን ይባሉ ነበር። (እኒህንና መሰሎቻቸውን በአንቱታ እንጠራቸዋለን፤ በዘመናቸው የጠራቸው አልነበረምና።) ብራውን በትንባሆ ፋብሪካ የሚሠሩ ባሪያ ነበሩ። ሚስታቸው ናንሲ የሌላ ጌታ ንብረት ስለ ነበረች፣ እንዳትሸጥባቸው ለጌታዋ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ጌታዋ ገንዘቡን ተቀበለ፤ በ1848 ግን እርስዋንና ልጆቻቸውን ወደ ሰሜን ካሮላይና አሸጋገረ። ናንሲ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። የተሸጡት ሰዎች በሰልፍ ሲነዱ ብራውን የሚስታቸውን እጅ ይዘው አራት ማይል ያህል አብረው ተጓዙ፤ ከዚያም ተለያዩ። በሚቀጥለው ዓመት ብራውን በእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ እንደ ዕቃ ተጭነው፣ ከ27 ሰዓት ጉዞ በኋላ በፊላዴልፊያ በሕይወት ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሌላ ሚስት አገቡ። ባል በሕይወት፣ ሚስት በሕይወት፤ ነገር ግን የ1835ቱ ጉባኤ እንደሚለው ሁለቱም አንዳቸው ለሌላው ሙታን ነበሩ። እኛ በብራውን ላይ ለመፍረድ ድፍረቱ የለንም። የተጠየቀው የእርሳቸው ጉዳይ አይደለምና።

አሁን አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። በ1835 የተሰበሰቡት ጥቂት ሰባክያን ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? የግዛቱ ሕግ የባሮችን ጋብቻ ጨርሶ አያውቅም፤ ሕጉን የመለወጥ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ጌታው ሲሞት ወይም በዕዳ ሲያዝ ባሮቹን የሚሸጠው ፍርድ ቤቱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ እንበል ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል። እነዚያ ማኅበራት የሰከረውን አባል ከጌታ ማዕድ ይከለክሉት ነበር። ባሪያውን በጭካኔ የደበደበውንም አንዳንድ ጊዜ ገሥጸዋል። እንግዲህ መሣሪያው በእጃቸው ነበረ። እግዚአብሔር ያጣመረውን በገንዘብ የለየ አባል ንስሐ እስኪገባና የሸጠውን ለመመለስ የሚችለውን እስኪያደርግ ድረስ ከማዕዱ ይራቅ ብሎ መወሰን የሕግ አውጪ ምክር ቤትን ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ሕጉ የባሮችን ጋብቻ አላወቀም፤ ነገር ግን ማንንም ጌታ ባልን ከሚስት ለይተህ ሽጥ ብሎ አላስገደደም። ጉባኤው በተበደለችው ሴት ላይ የሚወድቀውን ቅጣት አነሣ፤ በበዳዩ ላይ ግን ምንም አላኖረም። ምሕረት የተደረገላት ስትመስል፣ ዋናው ምሕረት የተደረገው ለሻጩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ጆርጂያ ከኅብረቱ በወጣች በስምንተኛው ቀን፣ ጥር 27 ቀን 1861፣ በሜከን ከተማ በመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ኤቤኔዘር ዋረን ባርነት የእግዚአብሔር ሥርዓት መሆኑን ሰበኩ፤ ስብከቱም በጋዜጣ ታተመ። የካቶሊኩ ጳጳስ ኦገስቲን ቬሮም በዚያው ወር በፍሎሪዳ ተመሳሳይ ስብከት ማድረጋቸውን መደበቅ አይገባንም፤ እርሳቸው ግን ጌቶች የባሮችን ጋብቻ እንዲያከብሩ አጥብቀው ጠይቀዋል። በኅዳር 1861 የሰሜኑ ባሕር ኃይል የደቡብ ካሮላይናን ደሴቶች ሲይዝ ጌቶች እርሻቸውንና ወደ 10,000 የሚጠጉ ባሮቻቸውን ትተው ሸሹ። በቅድስት ሄለና ደሴት ባሮች በ1855 በጡብ የሠሩት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ሠሪዎቹ ይቀመጡ የነበረው ግን በሰገነቱ ላይ ነበር። በዚያን ወቅት ከሰገነቱ ወረዱ። በ1862 በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ልጆቻቸውና እነርሱም ጭምር ፊደል የሚቆጥሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በደቡብ ሽንፈት እየተደጋገመ ሲመጣ ሰባክያኑ እግዚአብሔር ለምን ይቀጣናል ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ባርነት ራሱ ኃጢአት ነው ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የብዙዎቹ መልስ ባርነትን በአግባቡ ስላልያዝነው ነው የሚል ነበር። በ1864 የጆርጂያ ባፕቲስቶች ማኅበር አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ጋብቻ የቆዳ ቀለም ልዩነት ሳይደረግበት ለሰው ዘር ሁሉ በእግዚአብሔር የተሠራ ነው፤ ይህን ግንኙነት በባሮቻችን መካከል የማያውቅና የማይጠብቅ የጆርጂያ ሕግ ጉድለት ያለበት ስለሆነ ሊታረም ይገባል አለ።

ስለዚህ ውሳኔ ምን እንበል? ቃሉ እውነት ነው፤ በፍርሃት ስለ ተነገረ ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ሁለት ነገር ታዝበናል። አንደኛ፣ በ1864 እውነት የሆነው በ1835ም እውነት ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው የጋብቻ ባሕርይ ሳይሆን የጦር ሜዳው ወሬ ነው። ሁለተኛ፣ ውሳኔው ጣቱን የቀሰረው በሕጉ ላይ እንጂ በራሱ አባላት ላይ አይደለም። ሕግ አይናዘዝም፤ ንስሐ የሚገባው ሰው ነው። ያም ሆኖ ይህን መግለጫ ከጻፉት ይልቅ ዝም ያሉት ይበልጣሉ ለማለት አንችልም። የዘገየ እውነት ከማይነገር እውነት ይሻላል፤ ለተሸጡት ግን አልደረሰላቸውም፤ ሕጉም ሳይታረም ባርነቱ ራሱ ፈረሰ።

ባሮቹ እራሳቸው ስለ ጋብቻም ሆነ ስለ ባርነት ከጉባኤዎቹ የተሻለ ግንዛቤ እንደ ነበራቸው የሚያሳይ አንድ ምሽት አለ። ጥር 12 ቀን 1865 በሳቫና ከተማ ጄኔራል ሸርማንና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን 20 ጥቁር ሰባክያንን ጠርተው አነጋገሩ። ከመካከላቸው በርካቶች ሠራዊቱ ከተማዋን እስከ ያዘበት እስከ ቀደመው ወር ድረስ ባሮች ነበሩ። ቃል አቀባይ አድርገው የመረጧቸው የ67 ዓመቱን የባፕቲስት አገልጋይ ጋሪሰን ፍሬዘርን ነው። ባርነት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ የሌላውን ሰው ድካም ሊቋቋሙት በማይቻል ኃይል፣ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ፈርማን በብዙ ገጾች ያላዩትን እርሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጡት። ስለ ራሳቸውም በጉባኤው መዝገብ እንዲህ ተጽፏል፤ እስከ 1857 ድረስ ባሪያ ነበሩ፤ በዚያን ዓመት 1,000 ዶላር በወርቅና በብር ከፍለው ራሳቸውንና ሚስታቸውን ገዙ። እኒህ ሽማግሌ ጋብቻቸውን በሕግም በጉባኤ ውሳኔም ሳይሆን በላባቸው ዋጋ ጠበቁት። ሚስታቸው በሕግ ዕቃ ስለ ነበረች እንደ ዕቃ መግዛት ነበረባቸው። የ35 ዓመት አገልግሎት የነበራቸው ሰው ናቸውና፣ ሞት እስኪለያችሁ የሚለውን ቃል እርሳቸው ለሌሎች ባሮች ሲያስደግፉ በልባቸው ምን ይሉ እንደ ነበር ማሰብ ያስጨንቃል።

ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን በባሕሩ ዳርቻ ያለው መሬት ለነፃ ወጪዎቹ በቤተሰብ እስከ 40 ኤከር እንዲታደል አዘዙ፤ ትእዛዙ ግን ዓመቱ ሳያልቅ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ተሽሮ አብዛኛው መሬት ለቀድሞ ጌቶች ተመለሰ። ባርነት በሕገ መንግሥቱ የተሻረው በታኅሣሥ 1865 ነው። መሬቱ ቢቀርም ነፃ የወጡት ሰዎች በብዛት ተሰልፈው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ጋብቻቸው እንዲመዘገብ። ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከልጆቻቸው ጋር መጥተው በካህናትና በመኮንኖች ፊት ቃል ኪዳናቸውን አደሱ። በቨርጂኒያ በየካቲት 1866 የወጣ ሕግ እንደ ባልና ሚስት ይኖሩ የነበሩትን ሁሉ ሕጋዊ ባለትዳሮች አደረጋቸው።

ከዚያም ሙታን የተባሉት በእግራቸው እየተጓዙ መመለስ ጀመሩ። የተሸጠው ባል ሚስቱን ፍለጋ ከሩቅ ግዛት ሲመጣ፣ በጌታዋ ትእዛዝና በቤተ ክርስቲያኗ ፈቃድ ሌላ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ ያገኛት ነበር። ጉባኤዎቹ ለዚህ ያዘጋጁት መልስ አልነበራቸውም። በ1865 በደቡብ ካሮላይና የነፃ ወጪዎች ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል ሳክስተን ስለ ጋብቻ ደንብ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ከደንቦቹ አንዱ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው በነፃነቱ ምክንያት ሁለት ሚስቶች ቢመለሱለት፣ አንዷም ልጆች የወለደችለት፣ ሌላዋ ያልወለደችለት ብትሆን፣ የልጆቹን እናት ሕጋዊ ሚስቱ አድርጎ እንዲይዝ ያዛል። ሌሎች ደግሞ የተመለሰላቸው ሰው ስላልነበረ በጥቁሮች ጋዜጦች ማስታወቂያ አወጡ፤ የራሳቸውን ስም፣ የቀድሞ ጌታቸውን ስም፣ የትዳር ጓደኛቸው ወይም ልጃቸው የተሸጠበትን ዓመትና ከተማ እየጻፉ፣ ሰባክያን ማስታወቂያውን በጉባኤያቸው እንዲያነቡላቸው ይለምኑ ነበር። ከሽያጩ ሠላሳና አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የወጡም አሉ።